በወፎች መጠናናት ላይ የሚያስቅ ትርኢት እያሰናዳን ነው፤ ሴቷን ወፍ ምን እናድርጋት?

ጎጆ ሠሪ
ሰኞ ማታ 2:40

ሰላም የጅማ ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው።

አምስት ልጆች ሆነን አንድ የሚያስቅ ትርኢት እያሰናዳን ነው። ጉዳዩ የወፎች መጠናናት ነው። ወንዱ ወፍ ሴቷን ለማማለል የሚሆነውን መሆን በቀልድ፣ በዘፈንና በጭፈራ እናሳያለን። ካባሬ እንበለው ብለናል። አዳራሹ ትንሽ ነው፤ ሰማንያ ሰው ቢይዝ ነው። ሰው ጠረጴዛ ከቦ ቡናውን እየጠጣ ያያል። ቋንቋው እንደ ከተማችን ነው፣ አማርኛም ኦሮምኛም።

አራት ክፍል አለው። ጎጆ የሚሠራው ቢጫ ወፍ፣ ጅራተ ረጅሙ፣ ሚስቱ ዛፍ ውስጥ የምትዘጋበት ባለ ትልቅ መንቁሩ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ባለ ዘውዱ የረግረግ ወፍ።

ችግሬ ይኸውና። ልምምድ ላይ ወንዶቹ ሲዘሉ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች በሳቅ እንፈርሳለን። ከዚያ ነገሩ ይቀዘቅዛል። ላባ ለብሶ የሚዘል ወንድ እስከ መቼ ያስቃል? ሴቷን ወፍ የምትጫወተው ልጅ ደግሞ ትናንት "እኔ እዚህ የመጣሁት ምን ልሠራ ነው? የመድረክ ዕቃ ነኝ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ቆማ ከማየት ሌላ ሥራ አልሰጠናትም።

ሌላው፣ ልጅና አያት ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። ብልግና አንፈልግም። ያለ ብልግና እንዴት ነው መጠናናት ላይ የሚሳቀው?


የሕርማታ ልጅ
ሰኞ ማታ 2:52

ወንዱ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ይጨፍራል፣ ሴቷ ዞራ ሳታየው ትሄዳለች። ወንድሜ፣ ይሄ ትርኢት ሳይሆን የኔ ሕይወት ነው። የደራሲነት ክፍያ እፈልጋለሁ።


ሸገር
ሰኞ ማታ 3:10

ካባሬ በጅማ? ይቅርታ፣ ግን ስሙ ራሱ ከፓሪስ የመጣ ነገር ነው። ሰው "ዳንስ ቤት ነው" ብሎ ይቀራል። ስታንድ አፕ ኮሜዲ በሉትና ገላገሉን።


ማሲንቆ
ሰኞ ማታ 3:35

ሸገር፣ ስሙ ከፓሪስ መሆኑ ልክ ነህ። ሮዶልፍ ሳሊስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1881 ሞንማርትር ሰፈር "ጥቁር ድመት" የሚል ቤት ከፈተ። ሰው እየጠጣ ይቀመጣል፣ ገጣሚው፣ ዘፋኙና ቀልደኛው ተራ በተራ ይወጣል፣ ሳሊስ ራሱ መሐል ላይ ቆሞ ደንበኞቹን ይሸነቁጣል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄ አዝማሪ ቤት አይደለም እንዴ? አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይዞራል። ኮትህን ያያል፣ ጸጉርህን ያያል፣ አጠገብህ የተቀመጠችውን ያያል፣ ከዚያ በግጥም ያነሳሃል ወይ ይጥልሃል። አንተም "ተቀበል!" ብለህ የራስህን ግጥም ታቀብለዋለህ። ዋናው ነገር መድረኩና ጠረጴዛው መሐል ግድግዳ አለመኖሩ ነው። ስሙን የፈለጉትን ይበሉት፣ ነገሩ ግን ለኛ እንግዳ አይደለም።

ጎጆ ሠሪ፣ ያንተ ችግር እዚህ ጋ ይመስለኛል። ወንዶቹ የሚጫወቱት ለሰው ነው። ለሴቷ አይደለም። ለሷ ይጫወቱ፣ ሰው ደግሞ የሷን ፊት ይይ።


መምህር በጡረታ
ማክሰኞ ጠዋት 1:20

ልጆቼ እንዴት አደራችሁ። ብዙ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። ግቢዬ ውስጥ ያለው ዛፍ ላይ እነዚህ ቢጫዎቹ ጎጆ ሠሪዎች በያመቱ ክረምት ሲቃረብ መንደር ይመሠርታሉ። ስለዚህ ስለ እነሱ የምነግራችሁ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

ወንዱ አንድ ክር ሣር መዝዞ ቅርንጫፍ ላይ ያስራል። ልብ በሉ፣ ያስራል ነው ያልኩት። በመንቁሩ ቋጠሮ ይቋጥራል። ከዚያ ክብ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ ላይ ቆሞ መንቁሩ እስከደረሰበት ድረስ ዙሪያውን ይጎነጉናል። ሲጨርስ ከጎጆው አፍ በታች ተገልብጦ ይንጠለጠልና ክንፉን እያርገበገበ ይጮኻል። "ግቢ! ግቢ!" የሚል ነው የሚመስለው።

ሴቷ ትመጣለች። ወዲያው አትገባም። ከገባችም እሱን ዞራ አታየውም። የጎጆውን ሣር በመንቁሯ ትጎትታለች፣ ይላቀቅ እንደሆነ ልታይ። ካልጣማት ትበራለች። እሱ እንደገና ይንጠለጠላል። ሌላዋም ትመጣለች፣ ትጎትታለች፣ ትሄዳለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ጎጆው አረንጓዴ ሳለ ነው ገበያ ያለው። ሣሩ ደርቆ ቡናማ ከሆነ ሴቶቹ ዞር ብለው አያዩትም። ያኔ ወንዱ ምን ያደርጋል? ራሱ የሠራውን ቤት ራሱ ይበታትነዋል። እዚያው ቦታ ላይ በአዲስ ሣር እንደገና ይጀምራል።

እና ልጄ፣ ሴቷን "ምን እናድርጋት" ብለህ ትጠይቃለህ? እሷ እኮ ዳኛዋ ናት።


የሕርማታ ልጅ
ማክሰኞ ጠዋት 1:41

ጋሼ መምህር፣ እድሜ ይስጥዎት። ኮንዶሚኒየም እጣ ደርሶት አንዲትን ልጅ ሊያሳይ የወሰደ ጓደኛዬን አስታወሱኝ። ቧንቧውን ከፈተች፣ ውሃ የለም። ግድግዳውን አንኳኳች። መስኮቱን ገፋች፣ አልዘጋ አለ። "እደውልልሃለሁ" ብላ ወጣች። ይኸው ሦስት ዓመት።


ጎጆ ሠሪ
ማክሰኞ ከሰዓት 9:15

ጋሼ፣ በጣም ነው የማመሰግነው። ዛሬ ያሉንን ሞከርነው። ወንዱ ተገልብጦ እየጮኸ ልጅቷን ዝም ብለሽ ጎጆውን መርምሪ አልናት። ምንም አልተናገረችም። አንድ ሣር ሳብ አደረገች። ጣቷን አየች። ወደኛ ዞረች። ሁላችንም መሬት ላይ ተንከባለልን። ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አልቀዘቀዘም!

ጎጆውን በቄጤማ ልንሠራው አሰብን። አጽሙ ሽቦና የቡና ጆንያ ክር፣ ላዩ ቄጤማ።

አሁን ጅራተ ረጅሙ ላይ እርዱን። ጅራቱን ምን ያህል እናስረዝመው?


መርፌና ክር
ማክሰኞ ማታ 1:05

ስፌት ነው ሥራዬ። አንድ ጊዜ ለትምህርት ቤት በዓል የጣዎስ ልብስ ሰፍቻለሁ፣ ስለዚህ ከልምድ ልናገር። ጅራቱን በሙጫ ብቻ እንዳትለጥፉት። መብራት ሲሞቀው ይለቃል። የማዳበሪያ ከረጢት ክሩን መዝዛችሁ ጥቁር ቀለም ንከሩት። ቀላል ነው፣ ሲንቀሳቀስም ይርገፈገፋል። ቀበቶ ላይ ስፉትና ቀበቶውን ከሸሚዙ ሥር ያስረው። ከሁለት ሜትር አታሳልፉት። በር ላይ ይያዛል፣ ሰው ይረግጠዋል። የኔን ጣዎስ አንድ ሕፃን ረግጦት ልጁ ግማሽ ጣዎስ ሆኖ ነው የጨረሰው።


መምህር በጡረታ
ማክሰኞ ማታ 1:50

መርፌና ክር ስለ ሙጫ ስታነሺ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ማልተ አንደርሶን የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ ኬንያ ውስጥ በሙጫ የሠራው ሥራ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ነው ያሳተመው። እነዚህ ጅራታሞች ወንዶቹ ጥቁር ናቸው፣ ጅራታቸው ወደ ግማሽ ሜትር ይደርሳል። አንደርሶን የአንዳንዶቹን ጅራት ቆርጦ አሳጠረ። የተቆረጠውን ሌሎቹ ላይ በሙጫ ቀጠለላቸው። የአንዳንዶቹን ደግሞ ቆርጦ መልሶ እዚያው ለጠፈው፤ መቆረጡ ራሱ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ለማየት ነው። ከዚያ የማን ክልል ውስጥ ስንት ሴት ጎጆ እንደሠራች ቆጠረ። ጅራት የተቀጠለላቸው በለጡ።

ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 "ሴቷ ናት የምትመርጠው" ሲል ብዙ ሰው አልተቀበለውም ነበር። ዋላስ እንኳን፣ የሐሳቡ ተጋሪ የነበረው፣ ሴት ወፍ ውበት አይታ ትመርጣለች የሚለው አልዋጥለት ብሏል። በመቀስና በሙጫ እስኪታይ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።


ሸገር
ማክሰኞ ማታ 2:02

ቆይ፣ መድረክ ላይ መቀስ ይዞ የሚወጣ ሳይንቲስት ጨምሩ! ነጭ ጋዋን ለብሶ ይምጣና የአንዱን ቆርጦ ለሌላው ይለጥፍለት። የተቆረጠበት ጅራቱን እየዞረ ይፈልግ።

(አዎ፣ ትናንት ተቃውሜ ነበር። አሁን ገብቶኛል።)


ቦዬ ዳር
ረቡዕ ጠዋት 3:30

እኔ ግን አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ። ሦስተኛው ክፍላችሁ። ሚስቱን ዛፍ ውስጥ ዘግቶ በቀዳዳ የሚያበላት ወንድ ላይ ነው የምንስቀው? ሴት ቤት ተቆልፎባት እኔን አያስቀኝም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የምትቀመጥ አንዳንዷን ሴትም አያስቃትም። ይቅር።


ጎጆ ሠሪ
ረቡዕ ጠዋት 3:48

እህቴ፣ እውነት አላሰብኩትም ነበር። ይውጣ?


መምህር በጡረታ
ረቡዕ ቀን 6:10

አይውጣ። ግን የተሳሳተው ተረቱ እንጂ ወፉ አይደለም። ቦዬ ዳር፣ ስጋትሽ ይገባኛል፤ ነገሩን ግን ከስሩ ላስረዳሽ።

ይሄ ትልቅ መንቁር ያለው፣ ከመንቁሩ ላይ ሌላ ቀንድ የመሰለ ነገር የተደረበበት፣ ጥቁርና ነጭ ወፍ ነው። ጅማ ውስጥ ሾላው ፍሬ ሲይዝ ይሰበሰብና አካባቢውን በጩኸት ያውከዋል። ክንፉ ሲበር የሚያሰማው ድምፅ ራሱ ከሩቅ ይታወቃል። አይታችሁታል።

ሴቷ የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። በሩን ግን የምትዘጋው ራሷ ናት! ከውስጥ። ወንዱ ጭቃ እየዋጠ አድበልብሎ ያመጣላታል፣ እሷ ተቀብላ ትለስናለች። ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ትተዋለች። ከዚያ ለወራት እሱ ፍሬ እየለቀመ፣ እየተመላለሰ፣ በዚያች ስንጥቅ ያቀብላል። እሷም ጫጩቶቿም በእሱ ሸመታ ነው የሚኖሩት። እሱ ቢዘገይ ከውስጥ ድምፅ ያሰማሉ።

ታዲያ እስረኛው ማነው?


ቦዬ ዳር
ረቡዕ ቀን 6:31

ጋሼ፣ ይሄማ ሌላ ነገር ነው። ራሷ ቆልፋ እሱን ገበያ የምታመላልስ! እንደዚያ ከሆነ እኔ ራሴ ልጫወታት። አንድ እጅ ብቻ በቀዳዳ ይውጣ። እሱ ሙዝ ያምጣ፣ እጁ ይመልስ። ማንጎ ያምጣ፣ ይመልስ። መጨረሻ ላይ አቮካዶ ሲያመጣ እጁ ጫን ጫን አድርጎ ይይ፣ በስሏል አልበሰለም።


የሕርማታ ልጅ
ረቡዕ ቀን 6:33

አቮካዶውን አሁኑኑ ጻፉት። አቮካዶውን ማንም እንዳይነካብኝ።


ማሲንቆ
ረቡዕ ማታ 3:00

ለመጀመሪያው ክፍል ግጥም ሞከርኩ። ወንዱ ተገልብጦ እያለ አዝማሪው ከጎን ሆኖ እንዲህ ይበልለት፦

ሣር መዝዤ ሠራሁ ጎጆ ከዛፉ ላይ፣
ዙሪያውን አየሽው፣ እንዴት ነው ገባሽ ወይ?

ሰሙ "ወደ ጎጆው ገባሽ ወይ" ነው። ወርቁ "ነገሬ ገባሽ ወይ"። ሰው "ገባሽ ወይ" ላይ ይያዛል፤ ልጅቷ ያኔ ለአንዴ ብቻ አንገቷን ሰበር ታድርግ። መግባቷ ይሁን መረዳቷ አይታወቅ። ብልግና የለበትም፣ ግን አዋቂ ይስቃል።


ጎጆ ሠሪ
ረቡዕ ማታ 3:12

ማሲንቆ፣ ወሰድነው። ቅዳሜ መጥተህ አንተው ካልዘፈንከው ግን አይሆንም።

አንድ ሰው በውስጥ መስመር አውስትራሊያ ውስጥ ሰማያዊ ነገር እየለቀመ ደጁን የሚያስጌጥ ወፍ አለ ብሎ ጻፈልኝ። አየሁት፣ የጠርሙስ ክዳን ሳይቀር ይለቅማል። አምስተኛ ክፍል አንጨምርም፣ ጊዜ የለንም። ግን መግቢያ ላይ ሰው ሰማያዊ የውሃ ክዳን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው፤ መድረኩ ፊት እንደረድረዋለን።

ባለ ዘውዱ ላይስ? እኛ ወንዱ እየጨፈረ ሴቷ እንድታይ ነው ያሰብነው።


መምህር በጡረታ
ሐሙስ ጠዋት 12:50

እዚያ ላይ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ባለ ዘውዱ ላይ ዳኛ የለም። ሁለቱም ናቸው የሚጨፍሩት። ሁለቱም ያ ወርቃማ ዘውድ አላቸው፣ ቆማችሁ ብታዩዋቸው ወንድና ሴቱን አትለዩም። አንገታቸውን ይሰብራሉ፣ ክንፋቸውን ይዘረጋሉ፣ ይዘላሉ፣ ሣር ነቅለው ወደ ላይ ይወረውራሉ። ጉሮሯቸውን ነፍተው ከበሮ የሚመስል ድምፅ ያወጣሉ። አንዳንዴ አንዱ ጥንድ ሲጀምር ሌላው ይከተልና ሜዳው ሠርግ ቤት ይመስላል። መጠናናት ሳይኖርም ይጨፍራሉ፤ ልጆቻቸውም ይጨፍራሉ።

ጅማ ዙሪያ ባሉት ረግረጎች ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ አይቻቸዋለሁ። ዝም ብዬ ቆሜ ሳያቸው ላሚቷ ሰው ማሳ ገባች። የተገረፍኩትን አልረሳውም። ዛሬ ረግረጉ እየታረሰ፣ እየደረቀ ነው፤ እነሱም ቀንሰዋል። ይህን ግን መድረክ ላይ አትስበኩት። ጭፈራውን በደንብ አሳዩ፣ ይበቃል።


ጎጆ ሠሪ
እሑድ ከሰዓት 9:40

እሺ። ትናንት ማታ ተደረገ። እግሬ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ልንገራችሁ።

ሰው ሞላ። ሰማንያ ብለን ነበር፣ ከኋላ የቆመ ሁሉ ነበር። ሰማያዊ ክዳኑ በፌስታል ነው የመጣው። ልጆች ከየት ከየት እንደለቀሙት እንጃ።

አቮካዶው ሰዉን ገደለው። የቦዬ ዳር እጅ ብቻዋን ትወና ናት። ሳይንቲስቱ በመቀስ ሲወጣ አንድ ሕፃን "እንዳትቆርጠው!" ብሎ አለቀሰ፣ እናቱ ይዛው ወጣች። መርፌና ክር፣ ጅራቱ አልተላቀቀም፣ ተባረኪ።

አሁን ወደ ጎጆው ልምጣ። ቄጤማውን የገዛነው ጠዋት ነው። ማታ ላይ፣ ያ ሁሉ መብራት ስር፣ ጠውልጎ ቁጭ አለ። ከመጋረጃ ጀርባ ሳየው ልቤ ቆመ። መቀየሪያ የለንም። ወንዱ ተገልብጦ "ግቢ! ግቢ!" ይላል። ልጅቷ ወጣች። አንድ ቄጤማ መዘዘች። እንጥልጥል አለ። አሸተተችው። ሰዉን አየች። ከዚያ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ቀስ ብላ መሬት ለቀቀችው።

ፊት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ጮክ ብለው "እውነቷን ነው! በጠወለገ ቄጤማ ቡና ይፈላል እንዴ?" አሉ። አዳራሹ ተናጋ።

ጽሑፋችን ላይ እሱ ጎጆውን አፍርሶ በአዲስ ሣር መጀመር ነበረበት። አዲስ ሣር የለም! ልጁ ተደናገጠ። አፈረሰው፣ ባዶ ሽቦ ይዞ ቆመ። ከዚያ ዘሎ ወረደና ከጠረጴዛ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አመጣላት። እሷ አልደነገጠችም። በአንድ ጣት ነካችው። ወንበሩ ወዲያና ወዲህ አለ፣ አንድ እግሩ ተጣሟል። ጀርባዋን ሰጠችው።

እንደገና ዘሎ ወረደ። ጥግ ላይ ቡና የምታፈላው እህት ለአፍታ ጀበና ልትቀዳ ብድግ ብላ ነበር። በርጩማዋን ከሥሯ ወሰደው። ታውቁታላችሁ፣ የጅማ በርጩማ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር። እሷ ከኋላው "ኧረ በርጩማዬን! አንተ ልጅ!" ትላለች። ሰዉ የጨዋታው አካል መስሎታል።

ልጅቷ በጣት ነካችው። አልነቃነቅ አለ። በሁለት እጅ ያዘችው፣ ወዘወዘችው። ሦስት እግር የት ይነቃነቃል? ጎንበስ ብላ ከሥሩ አየችው። አንኳኳችው። አዳራሹ ጸጥ አለ፣ እውነት ሰማንያ ሰው ትንፋሹን ይዞ። ማሲንቆ ዝቅ አድርጎ "ገባሽ ወይ" አለ።

ቁጭ አለች።

ከዚያ በኋላ ስለተሰማው እልልታ ምንም አልልም። በኦሮምኛም በአማርኛም ነበር።


መምህር በጡረታ
እሑድ ማታ 12:55

እኔ ሦስተኛው ጠረጴዛ ነበርኩ። ባለ ዘውዶቹ ላይ ልጁ ጉሮሮውን መንፋት ረሳ። የቀረው ደህና ነው።


የሕርማታ ልጅ
እሑድ ማታ 1:10

ጋሼ መምህርን አይቻቸዋለሁ። ባለ ዘውዶቹ ሲጨፍሩ ቆመው ነበር የሚያዩት፤ ከኋላቸው ያሉት "ይቀመጡልን" ቢሉ አልሰሙም።


ጀበና
ሰኞ ጠዋት 2:25

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ ነው የተመዘገብኩት። ቡና የማፈላው እኔ ነኝ። ትርኢቱ ጥሩ ነበር፣ ስቄአለሁ። ግን በርጩማዬ አልተመለሰም። የእናቴ ነው። ቅዳሜ ማታ ቆሜ ነው ያፈላሁት፣ እሑድም ቆሜ ነው የዋልኩት። ማነው የወሰደው?


ጎጆ ሠሪ
ሰኞ ጠዋት 2:31

እህቴ ይቅርታ! ልጅቷ ጋ ነው። "ያለፈ ዕቃ አልመልስም" ብላ ይዛው ሄዳለች። እየደወልኩላት ነው።